ጠላትን ከጠላት ጋር ስታሰልፉ፦ ለወጣት ደራስያን

ውድ ወጣት ደራስያን፤

ምናባዊ የእርስ በርስ ጦርነት ስትጽፉ አንባቢ ቀድሞ የሚጠራጠረው ጦርነቱን ሳይሆን ኅብረቱን ነው። «እነዚህ ሁለቱ እንዴት ተስማሙ?» ይላል። ብዙዎቻችሁ ያን ጊዜ ሁለቱን ወገኖች በአስተሳሰብ ለማመሳሰል ትጣደፋላችሁ። አታድርጉት። ልዩነታቸውን እንዳለ ተዉትና የሚፈሩትን ፈልጉ።

የመንን ተመልከቱ። ዓሊ አብደላ ሳሌህ ፕሬዚዳንት ሳሉ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2010 በሰሜን የመን ከተነሣው የሁቲዎች ታጣቂ ንቅናቄ ጋር ስድስት ዙር ተዋግተዋል። የንቅናቄው መሪ ሁሴን አል ሁቲም የተገደለው በመጀመሪያው ዙር ነው። በ2014 ሁቲዎች ሰንዓን ሲይዙ ግን ሳሌህ ከጎናቸው ነበሩ። ሥልጣን አጥተዋል፤ በሠራዊቱ ውስጥ ግን ታማኞች ነበሯቸው። ሁቲዎች ደግሞ ተዋጊ ነበራቸው። ሁለቱም የሚጠሉት መንግሥት አንድ ነበር። ሳሌህ በታኅሣሥ 2017 ፊታቸውን ሲያዞሩ በቀናት ውስጥ ሁቲዎች ገደሏቸው። ይህን ያለ ማስረጃ በልብ ወለድ ብትጽፉት «አይመስልም» ትባሉ ነበር።

ስለዚህ ምዕራፉን ከመጀመራችሁ በፊት ለእያንዳንዱ ወገን አራት ጥያቄ መልሱ፦ ምን ያመጣል (ተዋጊ፣ ገንዘብ፣ ወደብ፣ ጥይት)? ምን ይጎድለዋል? ከሁሉ አብልጦ ማንን ይፈራል? ምን ቢጠየቅ እንቢ ይላል? የአንዱ ጉድለት በሌላው እጅ ከሌለ ኅብረቱን ሰርዙት።

አራተኛውን ጥያቄ ጀማሪ ይዘለዋል፤ ብዙ ታሪክ ያለው ግን እዚያ ነው። በሩሲያ የእርስ በርስ ጦርነት፣ በ1919፣ ቦልሸቪኮችን (ኮሚኒስቶቹን) የሚወጋው የጄኔራል ዴኒኪን ነጭ ጦር ወደ ሞስኮ ሲገሰግስ ፖላንድ የቦልሸቪኮች ጠላት ነበረች። ፖላንድ ከሩሲያ ግዛት ገና መላቀቋ ነበር፤ ነጮቹ «አንድና የማትከፋፈል ሩሲያ» ከሚለው መፈክራቸው ስላልወረዱ ግን የፖላንዱ መሪ ፒውሱድስኪ ለእነሱ ድል መዋጋትን አልፈለገም፤ ከቦልሸቪኮች ጋር በምስጢር ተነጋግሮ ጦሩን አቆመ።

ካርታም ሣሉ። የማይዋሰኑ ሁለት ክፍለ ሀገሮችን ካጣመራችሁ ነዳጁና ጥይቱ በየት ያልፋል? ባሕር ወይም ፈቃደኛ ጎረቤት ከሌለ፣ ኅብረቱን በአንድ ቀን በሁለት ግንባር ከማጥቃት ስምምነት አታሳልፉት። ይህ ብቻውን ይበቃል፤ ጠላት ጦሩን ለሁለት ይከፍላልና።

የጋራ ጦር፣ የጋራ ባንዲራና የጋራ አዛዥ በአንድ ሌሊት አትፍጠሩ። በቻይና በ1937 ኮሚኒስቶቹና ብሔርተኞቹ ጃፓንን ለመውጋት ሲስማሙ፣ ቀዩ ጦር ስሙን ቀይሮ በብሔርተኞቹ መንግሥት ሠራዊት ስም ተመዘገበ፤ አዛዦቹ ግን የራሱ ሆነው ቀሩ። በጥር 1941፣ ጃፓን ገና ሳትሸነፍ፣ የብሔርተኛው ጦር የኮሚኒስቶቹን አዲሱን አራተኛ ጦር ከብቦ መታ። እናንተም ስንጥቁን ከድሉ በፊት አስገቡት፤ መነሻውም የተማረከ መሣሪያ ክፍፍል ወይም የአንድ ድልድይ ጥበቃ ይሁን። መሪዎቹ ቢጨባበጡ እንኳ፣ ባለፈው ዓመት ወንድሙን የገደለበትን ሰው «ጓድ» ብሎ መጥራት እንቢ የሚል አንድ የመቶ አለቃ በታሪኩ ውስጥ ይኑር።