ስለ ትንሿ ሽጉጥ ሴፍቲ፦ ለአዲስ ታጣቂ ልጆቼ

ባሕር ዳር ውስጥ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጣና ዳር ቡና ልጠጣ በተቀመጥኩበት ሁሉ አንድ ጥያቄ ይከተለኛል። ጠያቂዎቹ ሆቴል ወይም ባንክ በጥበቃ የተቀጠሩ፣ አለዚያም ፈቃድ አውጥተው ወገባቸው ላይ የምትደበቅ ሽጉጥ የሚያማርጡ ወጣቶች ናቸው። “ጋሼ፣ ሴፍቲ ያላት ትሻላለች ወይስ የሌላት?” ይሉኛል። ሴፍቲ የሚሉት ሽጉጧ እንዳትተኩስ በጣት የሚዘጋውን ማንሻ ነው። ዕድሜዬን ትጥቅ ግምጃ ቤት ውስጥ ሽጉጥ ስፈታና ስገጥም ስለጨረስኩ መልስ አላጣም። ነገሩ ቆመን የምንጨርሰው ስላልሆነ ግን ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው።

አጭሩ መልሴ፦ ለእኛ አያያዝ ያላት ትሻላለች።

ሽጉጥ እንዲሁ ተነስቶ አይተኩስም፤ ባብዛኛው የሚባርቀው አንዳች ነገር ምላጩን ሲስበው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የማየው አታጣጠቃችሁን ነው። እኛ ዘንድ ብዙው ሰው ሽጉጡን ያለ አፎት ቀበቶው ሥር ይሸጉጣል። ጠዋት ሹራብ፣ ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ሸሚዝ ብቻ፣ ማታ ከሐይቁ ሲነፍስ ደግሞ ጋቢ ይደረባል። ልብሱ በተቀያየረ ቁጥር ሽጉጧ ትወጣለች፣ ትገባለች። የሸሚዝ ጫፍ ወይም የጋቢ ዘርፍ ምላጩ ላይ ተጠምጥሞ ሳለ ባለቤቱ ወደ ታች ከገፋት ጨርቁ የጣትን ሥራ ይሠራል። አፈሙዙ በዚያች ቅጽበት ወዴት እንደሚያይ ራሳችሁ ገምቱት። ጥገና ቤት እያለሁ የሰማኋቸው የባረቁ ጥይቶች ታሪክ ባብዛኛው እንዲህ ያለ ነው፤ ጠብ ያለበት እምብዛም ነው። ሽጉጥ መልሶ ሲሸጎጥ፣ “እስቲ ልየው” ተብሎ ሲቀባበሉት፣ ሠርግ ቤት ለጓደኛ “ያዝልኝ” ሲባል ነው። (የሠርግ ተኩስ ራሱን የቻለ ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል፤ እሱን ከጀመርኩ አልጨርስም።)

የድሮ ሰዎች ቶካሬቭ የተባለውን የሶቪየት ሽጉጥ ሲይዙ ይህን በዘዴ ነበር የሚያልፉት። ቶካሬቭ የእጅ ሴፍቲ የለውም። ያለው መምቻውን (ምላጩ ሲሳብ ወድቆ ጥይቱን የሚያስነሳውን ብረት) በግማሽ መንገድ የሚይዝ እርከን ብቻ ነው፤ እሱም ሲበላ አይታመንም። ብልሆቹ ካዝናውን 8 ጥይት ሞልተው፣ ሳያቀባብሉ፣ ማለትም ጥይት ወደ ጉሮሮው ሳያስገቡ፣ ይታጠቁት ነበር። የሶቪየት ጦር እ.ኤ.አ. በ1951 የተቀበለው ማካሮቭ ግን ሴፍቲ አለው፤ በግራ ጎኑ ከኋላ። ማንሻውን በአውራ ጣት ወደ ላይ ስትገፉት ቀይዋ ነጥብ ትሸፈናለች፣ የተወጠረው መምቻ ጥይቱን ሳይመታ ይወርዳል፣ ወደ ኋላ የሚንሸራተተው የላይኛው ብረትም ይቆለፋል። ሴፍቲው ቢለቀቅ እንኳ መምቻው እስከወረደ ድረስ የመጀመሪያው የምላጭ ስበት ረጅምና ከባድ ነው። ጨርቅ በቀላሉ አይስበውም።

በስልካችሁ የምታሳዩኝ ትንንሾቹ ግን ሌላ ዓለም ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣችው ግሎክ 43 እና በ2018 የወጣችው ሲግ ፒ365 ከውጭ የሚታይ መምቻ የላቸውም፤ ጥይቱን የሚወጋው መርፌያቸው ከውስጥ በሞላ (በስፕሪንግ) ጉልበት ነው የሚወጠረው። ምላጫቸው ከማካሮቭ የመጀመሪያ ስበት ይልቅ ቀላልና አጭር ነው። ግሎክ ሦስት የውስጥ መጠበቂያ አለው፤ ምላጩ ላይ ያለችው ትንሽ ምላስ ተጭና ምላጩ ወደ ኋላ ሲሳብ ግን ሦስቱም ተራ በተራ ይለቃሉ። ከእጅ ቢወድቅ እንዳይተኩስ ታስቦ የተሠራ ነው፤ እውነት ነው። የጋቢ ዘርፍ ግን መውደቅ አይደለም።

የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ2017 ሲግ ፒ320ን ሲመርጥ ለወታደሩ ኤም17 እና አጠር ያለውን ኤም18 ብሎ የእጅ ሴፍቲ አስጨምሮበት ነው የወሰደው። የአገሪቱ ፖሊሶች ግን ብዙዎቹ የእጅ ሴፍቲ የሌለውን ግሎክ ይታጠቃሉ። ፖሊሱ ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጠንካራ አፎት አለው፣ በእሱም ይለማመዳል። ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለ አፎት ገዝቶ፣ ባዶ ሽጉጥ መምዘዝና መመለስ በየሳምንቱ የሚለማመድ ካለ፣ ሴፍቲ የሌላትን ቢመርጥ አልከራከረውም።

ከሴፍቲ ተቃዋሚዎች ጋር የምስማማበትም ነገር አለ። የትንሽ ሽጉጥ ማንሻ ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣችው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሺልድ ላይ ያለችው ቀጭን ናት፤ ጀልባ ሲቀዝፍ የኖረ ወፍራም አውራ ጣት በጥድፊያ ላያገኛት ይችላል። ልብ ሲመታና እጅ ሲንቀጠቀጥ ሴፍቲ መልቀቅ ይረሳል። በተቃራኒው ወገብ ላይ እየታሸች ባለቤቱ ሳያውቅ የምትወርድም አለች። ግራኝ ለሆነ ሰው የማካሮቭ ሴፍቲ ከነጭራሹ አይመችም፣ ከአውራ ጣቱ በተቃራኒ ጎን ነውና። ግራኝ ከሆናችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ያዙና ሞክሩ፤ ሻጩ የሚላችሁን ተዉት።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን አቅጣጫ ነው። ማካሮቭ ላይ ሴፍቲው ወደ ላይ ሲሆን ዝግ፣ ወደ ታች ሲሆን ለተኩስ ዝግጁ ነው። ቤሬታ 92 ላይ ተገላቢጦሽ ነው፤ ወደ ታች ሲሆን ዝግ፣ ወደ ላይ ሲሆን ዝግጁ። ሁለቱም በላይኛው ብረት ላይ ስለሆኑ ለጣት አንድ ይመስሉታል። ቀን ሥራ ቦታ ማካሮቭ ተረክቦ ማታ የራሱን ቤሬታ የሚታጠቅ ሰው ጣቱ የለመደችውን ያደርጋል፤ “ዘጋሁት” ያለው ክፍት፣ “ከፈትኩት” ያለው ዝግ ይሆንበታል። የግላችሁን ስትመርጡ፣ ሥራ ቦታ ከምትይዙት ጋር ሴፍቲው በአንድ አቅጣጫ የሚሠራውን ፈልጉ። ከተቻለ ያንኑ ዓይነት ይሁን።

ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ ሴፍቲ ቁልፍ ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ። የስድስት ዓመት ሕፃን ማንሻ መግፋት ያውቅበታል፤ አይቷችኋል። ፍራሽ ሥር፣ ቁም ሳጥን ላይ የሚባለው ይቅር። ጥይቱ ወጥቶ፣ ሽጉጡ ብረት ሳጥን ውስጥ ይቆለፍ። የፈቃዱን ነገር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ደንግጎታል፤ ፈቃድ የሌለው ሰው ከእኔ ምክር አይጠይቅ።

ጥገናውን ደግሞ አደራ። እዚህ ሐይቅ ዳር ብረት ቶሎ ይዝጋል፤ የወገብ ላብና የጥጥ ብናኝ ሲጨመርበት ማንሻው ሥር ይጋገራል። ካዝናውን ነቅላችሁ፣ ጉሮሮው ውስጥ ጥይት አለመኖሩን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ። ከዚያ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙራችሁ ማንሻውን ከፍ ዝቅ አድርጉት። በየአቅጣጫው ቀጭ ብሎ መቆም አለበት። ከላላ ወይም በትንሽ ነካ ከተንሸራተተ ራሳችሁ በጉጠት አትነካኩት፤ ጠጋኝ ዘንድ ይሂድ፣ እስክትወስዱትም ድረስ ሳታቀባብሉ ታጠቁ።