ረዳት ሚና ለደረሳችሁ የጎጃም ወጣቶች

በደብረ ማርቆስ፣ በባሕር ዳር፣ በፍኖተ ሰላም፣ በሞጣ በትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያና በኪነት ክበብ የምትሠሩ ልጆቼ፣ ስታገኙኝ ከሁሉ አስቀድማችሁ የምትጠይቁኝ «መሪ ተዋናይ ለመሆን ምን ላድርግ?» እያላችሁ ነው። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በሌላው ወገን ነው። አባት ሆኜ ሠርቻለሁ። ዳኛ፣ ዘበኛ፣ ቄስ፣ አራጣ አበዳሪ፣ የሠርግ ሽማግሌ ሆኜ ሠርቻለሁ። ስሜ ማስታወቂያው ላይ ወደ ታች ይጻፍ ነበር፤ አንዳንዴም «ሌሎችም» ከሚለው ውስጥ ይገባል። በመድረክም በካሜራም ፊት እስከ ዛሬ የምጠራው በዚሁ ሥራ ስለሆነ የምነግራችሁ እሱን ነው።

አንድ ተውኔት ውስጥ መሪው አንድ ሰው ነው፤ ቢበዛ ሁለት። የቀረው ዓለም በሙሉ የተሞላው በረዳት ተዋንያን ነው። ተመልካች መሪውን የሚያምነው በዙሪያው ያሉትን ካመነ ብቻ ነው። መድረክ ላይ ንጉሥ የሚነግሠው እጅ ነሺዎቹ በወጉ እጅ ሲነሱ ነው። አንዱ እጅ ነሺ ዓይኑን ወደ ተመልካች ካሻገረ ዘውዱም ካባውም ዋጋ የላቸውም። ይህን የተረዳ ወጣት የተሰጠው ቃል ሦስት መስመር ቢሆንም አይንቀውም።

ጎጃም ተወልዶ ቴአትርን የሩቅ አገር ሰው ሙያ አድርጎ የሚያይ ልጅ ሲገጥመኝ ይከፋኛል። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ደብረ ኤልያስ ተወልደው፣ በቅኔ አድገው፣ አዲስ አበባ ገብተው ከአማርኛ ተውኔት ቀዳሚ ጸሐፊዎች አንዱ ሆኑ። «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» የሚለውን የንጉሡን ዘመን መዝሙር ግጥም የጻፉትም እሳቸው ናቸው። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ማኅበር ሆኖ ሲቋቋም፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ሲከፈት፣ ከቅኔ ቤት የወጣ አማርኛ መድረኩን ቀድሞ ያውቀው ነበር። የቅኔ ተማሪ ቀን ከዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም በልቡ ያዘጋጃል፤ ከዚያ የኔታ ፊት ቀርቦ፣ ጓደኞቹ እየሰሙት፣ ያለ ወረቀት ይነግራል። ከተሰበረበት እዚያው ይታረማል። ከዚህ የበለጠ የልምምድ ሥርዓት አላየሁም። ቃለ ተውኔት አልያዝ እያላችሁ የምትቸገሩ እንደነሱ አድርጉ፤ ስልካችሁን አስቀምጡና እየሄዳችሁ በቃላችሁ ያዙት። እግር ሲንቀሳቀስ ቃል ቶሎ ይገባል።

አሁን ወደሚቆረቁረኝ ነገር ልግባ። ስክሪፕት ይመጣላችሁና «ባላገር 1» ይላል። ስም የለውም፣ ዕድሜ የለውም። አዘጋጁም ብዙ ጊዜ የሚፈልገው የተቀደደ ቁምጣ፣ የተከፈተ አፍ፣ ከፍ ያለ ጩኸት ነው፤ የጎጃም አነጋገር ከተጨመረበት ሳቅ ይገኛል ብሎ ያስባል። በገዛ አያቶቻችን ላይ ስንሳለቅ አዳራሹ ሲያጨበጭብ ማየት ያማል። እናንተ ከዚያ አገር የወጣችሁ ልጆች ይህን አትሥሩ። «ባላገር 1» ሲደርሳችሁ ሙሉ ሰው አድርጋችሁ አምጡት፤ አዘጋጁ አይቶ ይቀበላችኋል። ባይቀበላችሁም እናንተ ሠርታችሁታል።

እንዴት ይሠራል ካላችሁኝ፣ ሄዳችሁ የወረዳ ፍርድ ቤት በር ላይ ተቀመጡ። የድንበር ክርክር ያለበት አንድ ገበሬ ከሩቅ ሲመጣ ተመልከቱት። ዱላውን ለጥበቃው ይሰጣል ወይም ግድግዳ ላይ ያስደግፋል፤ ከዚያ በኋላ እጁ ለጥቂት ጊዜ የሚያደርገውን ያጣል። ስሙ ሲጠራ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ያደገድጋል። ከደረት ኪሱ ፌስታል ያወጣል፤ ፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል አለ፤ በሁለተኛው ውስጥ ወረቀቶቹ። ብዙ ጊዜ ከመታጠፋቸው የተነሣ እጥፋታቸው ላይ ሊበጠሱ ደርሰዋል። ፊደል ላይቆጥር ይችላል፤ ግን ማኅተም ያለበት የትኛው እንደሆነ፣ የግብር ደረሰኙ ከየትኛው ሥር እንደገባ ጣቱ ያውቃል። ሲሰጥ በሁለት እጁ ነው። ንግግሩን ከአያቱ ዘመን ይጀምራል። ዳኛዋ «አባት፣ ወደ ጉዳይዎ ይግቡ» ትለዋለች። «እሺ እመቤቴ» ይላል፣ ትንፋሽ ይወስዳል፣ ከዚያ ካቆመበት ቃል ይቀጥላል፤ የክርክሩ ተራ ጭንቅላቱ ውስጥ ተሰድሮ ስላለ አንዱን አንጓ ዘሎ ወደ ሌላው መሄድ ክርክሩን ማፍረስ ነው። ከተማ ያደገ ተዋናይ ይህን ሲያይ «ነገር ያረዝማል» ይላል። ሰውየው ግን ማስረጃውን በቅደም ተከተል እያቀረበ ነው።

እኔ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ሰው እንድጫወት ተሰጥቶኝ የነበረው ቃል «መሬቴን ቀሙኝ ጌታዬ» የሚል ብቻ ነበር። አለቅሳለሁ ተብሎ ነበር የሚጠበቀው። እኔ አዘጋጁን ሁለት ፌስታልና ያረጀ ወረቀት ለመንኩት። ወረቀቱን በቀስታ ዘርግቼ ሳበቃ ቃሉን ድምፄን ሳልጨምር ተናገርኩ። አዳራሹ ዝም አለ። የጎጃም ሰው ሲበደል ጩኸት አያበዛም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲናገር ነው የሚያስፈራው። ይህን ከሌላ ቦታ አልተማርኩትም፤ ከአጎቶቼ ነው ያየሁት።

አለባበስም እንደዚሁ ነው። ልብስ አዘጋጇ ነጠላ ስትሰጣችሁ ዝም ብላችሁ አትልበሱ። ለደስታ፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ በትልቅ ሰው ፊት ለመቆም አጣፋዩ ይለያያል። የሐዘን ሲሆን ጥለቱ ወደ አንገት ይወጣል። በልቅሶ ትዕይንት ላይ ጥለቷ ከታች የሆነች «እናት» ስትወድቅ ስትነሣ ባያት፣ እንባዋ እውነተኛ ቢሆንም እኔ ከታሪኩ እወጣለሁ። ሕዝባችንም ይወጣል፤ ምን እንዳስወጣው ላይናገር ይችላል እንጂ።

ለሴቶች ልጆቼ አንድ ነገር ልጨምር። ቴአትራችን ሲጀምር የሴትን ሚና ወንዶች ነበሩ የሚጫወቱት፤ ዛሬ መድረኩ የእናንተ ነው። ነገር ግን የሚጻፍላችሁ «እናት» ብዙውን ጊዜ ከማልቀስና ከመመረቅ አያልፍም። ጠላ ጠምቃ፣ አረቄ አውጥታ ልጅ ያስተማረች የቡሬ ወይም የደጀን እናት ሒሳብ አዋቂ ናት፣ ተደራዳሪ ናት። ይህ ስክሪፕቱ ላይ ባይኖርም እጃችሁ ላይ ሊኖር ይችላል። ብሩን እንዴት አጣጥፋ መቀነቷ ውስጥ እንደምታስር ካሳያችሁን በቂ ነው።

ረዳት ገጸ ባሕርይ ምን ያህል ሊዘልቅ እንደሚችል ከፈለጋችሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አስቡ። የእንዶዳሙ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት፣ ታሪኩም እዚሁ ጎጃም ላይ ያረፈ ልብ ወለድ ነው። ፍቅሩ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ነው፤ ሰው አፍ ላይ የቀረው ግን ጉዱ ካሣም ጭምር ነው። ወጋየሁ ንጋቱ ይህን መጽሐፍ በሬዲዮ ሲተርከው ልብስ የለው፣ መብራት የለው፣ ፊት የለው፤ ያለው አንድ ጉሮሮ ነበር። ቀረጻውን ፈልጋችሁ ስሙት። ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ ትንፋሻቸው የት እንደሚቆረጥ፣ ጉዱ ካሣ ሲናገር ቃሉ ለምን እንደማይቸኩል አድምጡ። እኔ አሁንም እየሰማሁት እማራለሁ። አንድ ሰው አገር ሙሉ ሕዝብ በድምፁ ካቆመ፣ እኛ ገላችንን ሁሉ ይዘን አንዱን ሰው ማቆም አያቅተንም።

ከውጭ የመጣውንም እዩ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሱት «ሐምሌት» ውስጥ መቃብር ቆፋሪው የሚታየው በመጨረሻው ገቢር አንድ ጊዜ ነው። እየቆፈረ ይዘፍናል፣ ከመስፍኑ ከሐምሌት ጋር ቃል ይማዘዛል፣ ከዚያ አይመለስም። ሞት ግን ለሐምሌትም ለተመልካችም በእጅ የሚዳሰስ ነገር የሚሆነው በዚያ ሰውዬ በኩል ነው። ሚናውን የሚጫወት ልጅ ለማሳቅ ብቻ ከወጣ ትዕይንቱን ያጠፋዋል። ሰውየው ሥራ ላይ ነው፤ አፈሩ ከባድ ነው፣ ጉድጓዱ ቀብር ሳይደርስ ማለቅ አለበት። ቀልዱ ከሥራው መሀል ይውጣ።

ስለዚህ ጽሑፈ ተውኔት ሲደርሳችሁ የራሳችሁን ቃል ብቻ በቀለም አስምራችሁ ሌላውን አትዝለሉ። ሌሎች ስለ እናንተ ሰው ምን ይላሉ? ከመግባቱ በፊት የት ነበር? በልቷል? ከዚህ ቤት ጋር ዕዳ አለበት? ከዚያ ሁሉ የሚበልጠው ደግሞ መስማት ነው። ወጣት ተዋንያን ልምምድ ላይ ሳይ ባልደረባቸው ሲናገር ተራቸውን ነው የሚጠብቁት፤ ዓይናቸው ላይ የራሳቸው ቃል ሲንከባለል ይታያል። ቴአትር ቅዳሜና እሑድ እየታየ ወራት ይቆያል። ያንኑ ስድብ ከዚያው ሰው አፍ በየሳምንቱ ትሰማላችሁ፤ በየሳምንቱም እንደ አዲስ ሊወጋችሁ ይገባል። ረዳት ተዋናይ የሚከበረው እዚህ ላይ ነው። መሪዎቹ ከማን ጋር መሥራት እንደሚፈልጉ ሲጠየቁ የሚጠሩት የሚሰማቸውን ሰው ነው።

ካሜራ ሌላ ባሕርይ አለው። መድረክ ላይ ድምፃችሁ ከሆድ ወጥቶ የመጨረሻው ወንበር መድረስ አለበት፤ ካሜራ ሲቀርብ ግን ያው ድምፅ ፊታችሁን ያበላሸዋል፣ የታሰበች ነገር ዓይን ላይ ብቻ ታልፋለች። ቀረጻ በታሪኩ ቅደም ተከተል አይሄድም። ቦታው ስለተገኘ ቀብሩ ዛሬ፣ ሠርጉ ከሳምንት በኋላ ሊቀረጽ ይችላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ትዕይንት ሰውየው እስከዚያ ሰዓት ምን እንደሚያውቅ፣ ምን እንደማያውቅ ማስታወሻ ያዙ። ሲኒውን በየትኛው እጅ፣ በየትኛው ቃል ላይ እንዳነሣችሁም አስታውሱ፤ ሲደገም ካልገጠመ ኤዲተሩ ጥሩውን ጥሎ የሚገጥመውን ይወስዳል። ይህን የሚጠነቀቅ ሰው ቀረጻ ቦታ ላይ ጊዜ ስለማያባክን በሚቀጥለው ሥራ ቀድሞ ይደወልለታል።

ገንዘቡን አልሸፋፍንላችሁም። ረዳት ሚና ክፍያው ትንሽ ነው፣ ሥራውም ይቆራረጣል። ፊልሙ ሲኒማ ቤት ገብቶ ቀሪ ክፍያቸውን ሳያገኙ የቀሩ ባልደረቦች አሉኝ። ቀብድ ተቀበላችሁ ማለት ውል ተፈራረማችሁ ማለት አይደለም። ስንት ቀን፣ ስንት ብር፣ ቀሪው መቼ፣ ቀረጻው ቢራዘም እንዴት የሚለው በወረቀት ይሁን። ሌላ መተዳደሪያም ይኑራችሁ። መምህርነት፣ ስፌት፣ ትንሽ ሱቅ ቢሆን አያሳፍርም፤ እንዲያውም የቤት ኪራይ የሚያስጨንቀው ሰው የማይሆን ሚና ሁሉ ይቀበላል።

ዕድሜን አትፍሩ። መሪ ተዋናይ ሽበት ሲያወጣ ይጨነቃል፤ እኛ ሽበት ስናወጣ ሥራ ይጨመርልናል። ታሪክ ሁሉ አባት፣ አያት፣ ዳኛ፣ ሽማግሌ ይፈልጋል። እዚያ ለመድረስ ግን ጉሮሮና ጉልበት መትረፍ አለባቸው። «ድፍረት ይሰጣል» ተብሎ ከመድረክ በፊት የሚቀመስ አረቄ በዓይኔ እያየሁ ጎበዝ ጎበዝ ድምፆችን በልቷል። ከትርኢት በፊት ተኙ፣ ትንፋሽ ተለማመዱ፣ ድምፃችሁ ሲሻክር ዝም በሉ።

ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ወደ ገጠር ወደ ቤተሰብ የምትሄዱ ደብተር ይዛችሁ ሂዱ። የድሮውን የበላ ልበልሃ ሙግት በዓይኑ ያየ ወይም ከአባቱ የሰማ ሽማግሌ ካገኛችሁ፣ ተሟጋቹ የት ይቆም እንደነበር፣ ዱላውን እንዴት ይዞ ይጠቁም እንደነበር፣ ማር እሰጥ በቅሎ እሰጥ ብሎ ሲወራረድ ድምፁ እንዴት እንደነበር ጠይቁ፤ ተነሥተው ያሳዩዋችሁ ዘንድ ለምኑ። አካሄዳቸውንም ጻፉ። መስከረም ላይ የሰበሰባችሁትን ይዛችሁ ኑና በእኔ ቤት ግቢ እንለማመደዋለን።