ከአልጋ ሥር አልወጣም ላለችው ትንሽ ውሻ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከመጠለያ ያመጣሻት ባለ 4 ኪሎ ውሻ ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ከአልጋ ሥር አትወጣም። ቀን ሳህኗን አሽትታ ትመለሳለች፤ ጠዋት ስትነሺ ግን ሳህኑ ትንሽ ጎድሎ ታገኚዋለሽ። ትናንት ልጅሽ ሳህኑን ላስጠጋላት ሲል አጉረመረመችበት። ባለቤትሽ ደግሞ «ሥጋ ስጫት፣ ያኔ ትበላለች» ይልሻል። ቅዳሜ እንግዳ ይመጣብሻል። ምን ላድርግ ነው ያልሽው።

መጀመሪያ የራሴን ስሕተት ልንገርሽ፤ አንቺም ልትሠሪው ጫፍ ላይ ያለሽ ይመስለኛል። ከስድስት ዓመት በፊት የኔዋን ሳመጣት 3 ኪሎ ተኩል ነበረች። በመጀመሪያው ቀን ደረቅ ምግብ ሰጠኋት፣ እምቢ አለች። ማታ የታሸገ እርጥብ ምግብ ከፈትኩላት። ጠዋት የተቀቀለ ዶሮ። ከሰዓት እንቁላል። ማታ አይብ። ሦስት ቀን ሳይሞላ ሰባት ዓይነት ምግብ አፍንጫዋ ሥር ደርድሬ፣ ፊት ለፊቷ ተንበርክኬ «ብዪ እንጂ የኔ ቆንጆ» እያልኩ እለምናለሁ። እሷም ከሁሉም ላስ ላስ አድርጋ ትተወዋለች። በአራተኛው ቀን ተቅማጥ ጀመራት። ምንጣፉን አትጠይቂኝ። የእንስሳት ሐኪሙ ጋ ስሄድ መጀመሪያ የጠየቀኝ «መጠለያው ውስጥ ምን ነበር የምትበላው?» ብሎ ነው። አላውቅም ነበር። መጠየቅም ትዝ አላለኝም።

ስለዚህ ዛሬውኑ መጠለያው ደውዪ። ምን ትበላ ነበር፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ በስንት ሰዓት? ቢያንስ ለመጀመሪያው ሳምንት ያንኑ ስጫት። አንቺ የተሻለ ምግብ ገዝተሽ ቢሆን እንኳ ለጊዜው ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። ቤቱ ተለውጦባታል፣ ሽታው ተለውጦባታል፣ ሰዉም አዲስ ነው። ሆዷ እንኳ የሚያውቀውን ያግኝ። በኋላ መለወጥ ከፈለግሽ ከ7 እስከ 10 ቀን ውሰጂበት፤ መጀመሪያ ሩብ ያህሉን አዲሱን ቀላቅዪ፣ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ግማሽ በግማሽ፣ ከዚያ ሦስት አራተኛውን። ሰገራዋ ከላላ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሺና ጥቂት ቆዪ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሌሊት እየበላች ከሆነ ውሻሽ ምግቡን አልጠላችውም። እየታየች መብላት ነው ያቃታት። ውሻ ሲበላ አንገቱን ይደፋል፤ ከኋላው ማን እንደመጣ አያይም። በማታውቀው ቤት፣ በማታውቃቸው እግሮች መሃል፣ 4 ኪሎ የምታክል ፍጡር ይህን ለማድረግ ድፍረት ከየት ታመጣለች? እኛ ደግሞ አጠገቧ ቆመን ዓይናችንን እንተክልባታለን። ውሻ ፊት ለፊት ሲያፈጡበት የሚገባው እንደ ዛቻ ነው።

የኔዋ የመጀመሪያውን ሙሉ ምግብ የበላችው ከሐኪሙ በተመለስን ማታ ነው። እኔ ደክሞኝ ነበር። ሳህኑን አልጋው ጥግ አስቀምጬ፣ መብራት አጥፍቼ፣ ጀርባዬን ሰጥቻት ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ስልኬንም አልነካሁም። እግሬ እስኪደነዝዝ ቆየሁ። ከዚያ የጥፍሮቿን ድምፅ ሰማሁ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ቆም አለች። ጠቅ። አንዲት ፍሬ አነሳችና ይዛት አልጋው ሥር ገባች፤ እዚያ ስትኮረሽማት ይሰማኛል። ደግሞ መጣች። አሥራ አንድ ጊዜ ተመላለሰች፤ እቆጥር ነበር። በአሥራ ሁለተኛው መመለሱ ሰለቻት መሰለኝ፣ እዚያው ሳህኑ ላይ ቆማ ጨረሰችው። ዞር ብዬ አላየኋትም። እንዴት እንዳማረኝ ግን እኔ ነኝ የማውቀው።

አንቺም ሳህኑን መደበቂያዋ አጠገብ አስቀምጪና ውጪ። ደረቁ ምግብ ላይ ለብ ያለ ውሃ ጠብ ብታደርጊበት ሽታው ይነሳል፤ ያ ይስባታል። (የረጠበውን ግን ለረጅም ሰዓት አታስቀምጪው፣ ይበላሻል።) ብዙ ሰው «ከ15 ደቂቃ በኋላ ሳህኑን አንሺ፣ ትልመድ» ይላል። ለተረጋጋ ውሻ ጥሩ ዘዴ ነው። ለደነገጠች ግን አልስማማም። የመጀመሪያውን ሳምንት የማታ ድርሻዋን ደረቁን እዚያው ተዪላት፣ በራሷ ሰዓት ትብላው። ሥርዓቱ ይደርሳል። ውሃ መቼም ቢሆን አይታጣ።

በቀን ሦስቴ፣ ትንሽ ትንሽ። የትንሽ ውሻ ሆድ ትንሽ ነው፤ ከትልቅ ውሻ ጋር ሲነጻጸር ግን በየኪሎዋ የምታቃጥለው ጉልበት ይበልጣል። ቡችላ ከሆነች አራት ጊዜ አድርጊው። ትናንሽ ቡችሎች ምግብ ሲዘገይባቸው የደም ስኳራቸው ቶሎ ይወርዳል፤ መንቀጥቀጥና መንገዳገድ ካየሽ ሐኪም ዘንድ መሮጥ ነው።

መጠኑን በተመለከተ፣ ያደገችና እንዳትወልድ ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ባለ 4 ኪሎ ውሻ በቀን ከ280 እስከ 320 ካሎሪ ገደማ ይበቃታል። ይህ መነሻ ነው፤ እንደ እንቅስቃሴዋ ይለያያል። በሲኒ አትስፈሪ፣ በሚዛን ለኪ። 10 ግራም ደረቅ ምግብ 35 ካሎሪ ገደማ አለው። ለትልቅ ውሻ ምንም ነው፤ ለአንቺዋ ግን ከቀን ድርሻዋ አንድ አሥረኛ ያልፋል። ከሁሉም በላይ እጅሽን እመኚ። የጎድን አጥንቷን ዳሰስ አድርጊ። የተጨበጠ ቡጢ አንጓ ያህል ከቆረቆረሽ ከስታለች። መዳፍሽን እንደመንካት ከለሰለሰ ወፍራለች። የእጅሽን ጀርባ ከመሰለ ልክ ነች። በጣም ከስታ አጥንቷ የሚቆጠር ከሆነ ግን «ትካሳት» ብለሽ በአንዴ አትጫኚባት። ለረጅም ጊዜ የተራበ እንስሳ በድንገት ብዙ ሲበላ በደሙ ውስጥ ያሉት ማዕድናት ይዛቡና ለሕይወቱ ያሰጋል። አመጋገቧን ሐኪም ይወስንላት።

ስለ ባለቤትሽ ሥጋ። ሥጋ መጥፎ አይደለም፤ ሥጋ ብቻ ግን ካልሲየም ይጎድለዋል። ጮማ ከሆነ ደግሞ ቆሽቷን ሊያስቆጣው ይችላል፤ ሕመሙ ከባድ ነው። ሌላው ችግር ብልጠቷ ነው። «ዝም ካልኩ የተሻለ ይመጣል» የሚለውን ትምህርት ውሻ በሁለት ቀን ይጨርሰዋል። የኔዋ ጨርሳው ነበር። ማጣፈጫና መሸለሚያ ከቀኑ ካሎሪ አንድ አሥረኛ አይለፍ፣ ለአንቺዋ 30 ካሎሪ ማለት ነው። የክብሪት ሣጥን የምታክል ጠንካራ አይብ ብቻዋን ከ100 ታልፋለች። ቸኮሌት፣ ወይንና ዘቢብ፣ ቀይም ነጭም ሽንኩርት፣ ዛይሊቶል (በስኳር ፋንታ የሚገባ ማጣፈጫ) ያለበት ማስቲካ በጭራሽ አታቅምሻት፤ ሰውነቷ ትንሽ ስለሆነ ትንሹም ይመርዛታል። የበሰለ አጥንትም ይቅር፣ ይሰነጠርና አንጀት ይወጋል።

ማጉረምረሟ ያስደነገጠሽ ይገባኛል። ግን አትቆጫት። ማጉረምረም ንግግር ነው፤ «ራቁኝ፣ ፈርቻለሁ» ማለቷ ነው። ይህን እንዳትናገር ካደረግሻት፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሳትናገር ትነክሳለች። ልጅሽ ስትበላ አጠገቧ አይድረስ፣ ከአልጋ ሥርም ጎትቶ አያውጣት። «ጌታዋ ማን እንደሆነ ትወቅ» ብለሽም ሳህኑን አትንጠቂያት፤ ይህ ምክር አሁንም ይዞራል፣ ጉዳቱም ብዙ ነው። አንቺ ራስሽ እሷ ስትበላ ራቅ ብለሽ እያለፍሽ ከሳህኑ ምግብ ይበልጥ የሚጣፍጥ ቁራሽ ወርወር አድርጊላትና መንገድሽን ቀጥዪ። ሰው ሲመጣ ነገር ይጨመራል እንጂ አይቀነስም የሚለውን ቀስ በቀስ ትማረዋለች።

ሐኪም ጋ መቼ? ያደገች ውሻ 24 ሰዓት ሙሉ ምንም ካልቀመሰች ደውዪ፤ ቡችላ ከሆነች ግማሽ ቀን አትጠብቂ። ትውከት፣ ደም ያለበት ተቅማጥ ወይም መዝለፍለፍ ካለ ሰዓት አትቁጠሪ። ባይኖርም በመጀመሪያው ሳምንት አንዴ ውሰጃት፤ ሰገራዋ ለትል ይመርመር፣ የክትባት ካርዷ ይታይ፣ ጥርሷም ይታይ። የኔዋ ከወር በኋላም ፍሬዎቹን በግራ አፏ በኩል ትጥል ነበር። አመል መስሎኝ ስቄባታለሁ። ለካ ጥርሷ በስብሶ ነው፤ አራት ጥርስ ተነቀለላት። የትናንሽ ውሾች ጥርስ በጠባብ መንጋጋ ስለሚጨናነቅ ቶሎ ይታመማል።

የመላመዱን ነገር በአጭሩ። መጠለያዎች «3 ቀን፣ 3 ሳምንት፣ 3 ወር» ይላሉ፤ ድንጋጤው እስኪበርድ፣ የቤቱ ፕሮግራም እስኪገባት፣ ቤቴ እስክትል። እንደ ሰዓት አትያዢው፤ የኔዋ ሶፋ ላይ በጀርባዋ ተገልብጣ የተኛችው በአምስተኛው ወር ነው። ገላዋን ለማጠብ አትቸኩዪ። ማታ መኝታዋን ከአልጋሽ አጠገብ አድርጊው፤ ትንፋሽሽ ሲሰማት ማላዘኑ ይቀንሳል። ፊኛዋ ትንሽ ናት፤ ስትነቃ፣ ከበላች በኋላ፣ ቀን ቀንም በየሁለት ሰዓቱ አውጫት። ቤት ውስጥ ከሸናች ዝም ብለሽ ጥረጊ። አንገቷን ሳይሆን ደረቷን የሚይዝ ማሰሪያ ግዢላት፤ የትናንሽ ውሾች የአየር ቧንቧ ሲጎተት ይጎዳል። በሩን ከመክፈትሽ በፊት ደግሞ የት እንዳለች እዪ። አዲስ ውሻ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ በተከፈተ በር ነው።

ቅዳሜን ከቻልሽ አራዝሚው። ካልቻልሽ መኝታ ቤቱን ዝጊ፣ ውሃዋንና መኝታዋን አስገቢላት፣ በሩ ላይም «አይከፈትም» የሚል ወረቀት ለጥፊ። እንግዶችሽ «እስቲ ለአንዴ ብቻ እንያት» ማለታቸው አይቀርም። ፎቶዋን አሳዪያቸው።