የሣጥን ጥግ ቆቦች፦ ጥያቄና መልስ

ባሩድና አረር በአፈሙዙ የሚጎርሰውን የድሮ ጠመንጃ የሚለኩሱ የመዳብ ቆቦችን ለብዙ ዓመት ስሰበስብ ኖሬያለሁ። ከወሎ ከየአቅጣጫው የደረሱኝን ጥያቄዎች ልመልስ።

ጥያቄ (ሐይቅ)፦ ጋሼ፣ ቆብ የሚሏት ምን ናት?

መልስ፦ ከአተር የምታንስ የመዳብ ጽዋ ናት። ውስጧ ጥቂት የሜርኩሪ ፉልሚኔት አለ፤ ሲመቱት ቦግ የሚል ኬሚካል ነው። ከጠመንጃው ኋላ ባለች፣ ጡት በሚሏት ባለቀዳዳ ጉጥ ላይ ትጠለቃለች። ቃታው ሲሳብ መዶሻው ይመታታል፣ እሳቷ በቀዳዳው ገብታ ባሩዱን ታቀጣጥላለች። ነገሩን የጀመረው አሌክሳንደር ፎርሳይዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ቄስ ነው። ወፍ ሲያድን፣ ያኔ ጠመንጃውን ይለኩስ የነበረው የባልጩት ብልጭታ ወፎቹን እያስበረገገ አስቸገረው። በፈረንጆች 1807 ለፉልሚኔቱ ዘዴ የፈጠራ መብት አወጣ። የመዳቧ ቆብ ከእሱ በኋላ መጣች።

ጥያቄ (ተንታ)፦ በአያቴ ሣጥን ውስጥ አንድ ቆርቆሮ ቆብ አገኘሁ። አረንጓዴ አውጥተዋል። ልሞክራቸው?

መልስ፦ እባክህ ወንድሜ፣ እንዳትሞክር! ልጆች ሳለን አንድ ዘመዴ አንዷን በድንጋይ መታት። የመዳቡ ስንጣሪ አውራ ጣቱ ውስጥ ገባ። እስከ ዛሬ ጠባሳው አለ። ፉልሚኔት ሲያረጅ፣ በተለይ ሙቀት ሲያገኘው፣ ይደክማል። የትኛዋ እንደደከመች ግን በዓይን አትለይም። አንዷ ዝም ትላለች፣ ሌላዋ እጅህ ላይ ትፈነዳለች። አትፈልፍላት፣ አትፈግፍጋት፣ በምስማር አትነካካት። ቆርቆሮውን ሳትነቀንቅ ከምድጃና ከልጅ አርቀህ ለፖሊስ አሳውቅ። ጠመንጃውም ካለ በዚያው ጠይቅ፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለና።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ ውጭ አገር ግን በድሮ ቆብ የሚተኩሱ ሰዎች አይቻለሁ።

መልስ፦ እኔ አልደግፈውም። ዛሬም ፋብሪካዎች አዲስ ቆብ ይሠራሉ፤ በመጠን 10 እና 11 ቁጥር የተለመዱት ናቸው። ለጦር ጠመንጃ ደግሞ ትልቅ፣ አራት ክንፍ ያላት ኮፍያ መሰል አለች። ቆብ ጡቱ ላይ ልክ መሆን አለባት። ከላላች ትወድቃለች፤ ከጠበበች ስትገፋት ልትፈነዳብህ ትችላለች። ከድሮዎቹ ብዙዎቹ ፖታሲየም ክሎሬት የሚባል ኬሚካል አለባቸው። ከተኩሱ በኋላ የሚቀረው ጨው እርጥበት ይስብና ብረቱን ዝገት ይበላዋል። እሱን ዘይት ብቻውን አያስለቅቀውም፣ ሙቅ ውኃ ይፈልጋል። ቆቧ ፈንድታ ባሩዱ ዝም ካለ ደግሞ አፈሙዙን ከዒላማው ሳያነሱ ቢያንስ አንድ ደቂቃ መጠበቅ ነው። ዘግይቶ ሊተኩስ ይችላል።

ጥያቄ (ደሴ)፦ መቅደላ ላይ የአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት የያዘው ይህን ነበር?

መልስ፦ ከፊሉ። ባለቆብ ጠመንጃም፣ በክር እሳት የሚለኮስም ነበረው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 አሮጌ ሜዳ ላይ እንግሊዞች የያዙት ስናይደር ከኋላ የሚጎርስ ነው፤ መለኮሻው ከቀለሁ ጋር አብሮ የተሠራ። የእኛ ሰው ባሩድ አፍስሶ፣ አረር በዘንግ ጠቅጥቆ አንዴ እስኪተኩስ ያኛው ደጋግሞ ይተኩሳል። ዝናብም ወርዶበታል። ወንድነት አልጎደለም። ባሰብኩት ቁጥር ያንገበግበኛል።

ጥያቄ (ወረኢሉ)፦ ባዶ ቆርቆሮ አለኝ። ወልውዬ ላሳምረው?

መልስ፦ ኧረ ተይ እህቴ! እንደ ለንደኑ ኢሌይ ያሉ ፋብሪካዎች ስማቸውንና ቁጥሩን ያተሙት ላዩ ላይ በለጠፉት ወረቀት ነው። ሰብሳቢ የሚፈልገውም እሱን ነው። ውኃ አታስነኪው፣ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ብቻ አንሺለት። ከየት እንደመጣና ማን እንደያዘው ትልልቆቹን ጠይቂ፣ በወረቀት ጽፈሽ ውስጡ አኑሪው።