ጉባኤው ለምን አብሮ አይዘምርም?

ጥያቄ፦ በቤተ ክርስቲያናችን የእሑድ የአምልኮ መርሐ ግብር እንዳዘጋጅና እንድመራ ከተመደብሁ ጥቂት ወራት ሆኖኛል። መዘምራኑ ለልምምድ ትጉዎች ናቸው፤ የሙዚቃ መሣሪያም አላነሰንም። ሆኖም ዝማሬ ሲጀመር አብዛኛው ምእመን ቆሞ ያያል እንጂ አይዘምርም። መርሐ ግብሩ ሁልጊዜ ሰዓቱን ስለሚያልፍ የሚቀነሰው የቃል ንባብና ጸሎት ነው። ሰባኪው ምንባቡን የሚያሳውቀን ቅዳሜ ማታ ነው፤ አንዳንዴም ጨርሶ አያሳውቀንም። ዝማሬዎቹን በአዳዲስ ብተካቸው ይሻላል ወይስ ችግሩ ሌላ ነው?

መልስ፦ ዝማሬዎቹን ከመቀየርዎ በፊት የሚነሡበትን የድምፅ ከፍታ፣ ማለትም ሙዚቀኞች ‹ኪይ› የሚሉትን፣ ይመርምሩ። ጉባኤ ዝም ሲል ብዙ ጊዜ መንፈሳዊ ትጋት አንሶታል ተብሎ ይወቀሳል፤ በእኔ አመለካከት ግን አብዛኛው ሰው የማይዘምረው ድምፁ ስለማይደርስ ነው። የዘማሪው ድምፅ በልምምድ የሰፋ ነው፤ ዝማሬውም የሚመረጠው ለእርሱ ድምፅ በሚመቸው ከፍታ ነው። በድምፅ ያልሠለጠነ ሰው ያለ ጭንቀት የሚዘምረው ከታችኛው ‹ላ› እስከ ላይኛው ‹ሬ› በሚባሉት የኖታ ድምፆች ወሰን ውስጥ ነው ማለት ይቻላል፤ ወንዶች ይህንኑ ከሴቶች አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም አንድ ሙሉ የድምፅ መሰላል፣ ዝቅ ብለው ይዘምሩታል። በሚቀጥለው እሑድ መድረኩን ትተው መካከለኛው ረድፍ ላይ የተቀመጡትን ሰዎች ይመልከቱ። በስንኙ ላይ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ቆይቶ አዝማቹ ከፍ ሲል የሚዘጋ ከሆነ ምክንያቱን አገኙት ማለት ነው። ዝማሬውን አንድ ወይም ሁለት ሙሉ ድምፅ ዝቅ አድርጋችሁ ተለማመዱት፤ መሪ ዘማሪው ድምፁ እንደ ቀድሞው አይደምቅ ይሆናል፣ ጉባኤው ግን ይዘምራል።

ሁለተኛው ምክንያት ሰው መቼ እንደሚገባ አለማወቁ ነው። መግቢያው ሙዚቃ አንድ ሳምንት አጭር፣ በሌላው ሳምንት ረጅም ከሆነ፣ አዝማቹም ስንት ጊዜ እንደሚደገም የሚያውቀው መሪው ብቻ ከሆነ ምእመኑ ለማድመጥ ይገደዳል። ስንኞቹን በግድግዳ ላይ የምታሳዩ ከሆነ ደግሞ ገጹን የሚቀይረው ሰው የመጨረሻው መስመር ከተዘመረ በኋላ ሳይሆን መዘመር ሲጀምር ይቀይረው፤ ዓይን ከአፍ ይቀድማልና። አዲስ ዝማሬ በአንድ እሑድ ከአንድ አይብለጥ፤ እርሱም በተከታታይ ለጥቂት ሳምንታት ይደገም። የድምፅ ማጉያውም መጠን ሰው አጠገቡ የቆመውን ሰው ድምፅ እንዳይሰማ የሚያደርግ መሆን የለበትም። ብቻውን እንደሚዘምር የሚሰማው ሰው አፍሮ ዝም ይላል። አንዱን ስንኝ ያለ ምንም መሣሪያ አዘምሯቸው፤ ጉባኤው የራሱን ድምፅ ሲሰማ የሚያሳየውን ለውጥ እርስዎም ያዩታል።

ጉባኤው አብሮ መዘመሩ አዲስ ፈሊጥ አይደለም። በ112 ዓ.ም. ገደማ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሮማዊው ገዥ ፕሊኒ ለንጉሠ ነገሥቱ ትራጃን በጻፈው ደብዳቤ፣ ክርስቲያኖች በተወሰነ ቀን ጎሕ ሳይቀድ ተሰብስበው ለክርስቶስ እየተቀባበሉ ይዘምሩ እንደነበር ይገልጻል። መዝሙር 136ም በየመስመሩ ምሕረቱ ዘላለማዊ መሆኑን እየደገመ ሕዝቡ እንዲመልስ ሆኖ የተዘጋጀ ነው። መሪው አንዱን መስመር ሲያነብብ ጉባኤው ተቀብሎ እንዲመልስ ቢያደርጉ፣ ዜማ የሚከብደው ሰው እንኳ ተሳታፊ ይሆናል።

ስለ ሰዓቱ ያነሡት ነገር ከዝማሬው ይልቅ ያሳስበኛል። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሰማዕቱ ዮስጢኖስ (ጀስቲን) የእሑዱን ጉባኤ ሲገልጽ የሐዋርያት ማስታወሻ ወይም የነቢያት መጻሕፍት ጊዜው እስከፈቀደ ድረስ ይነበቡ እንደነበር፣ ከዚያም ስብከት፣ የጋራ ጸሎት፣ ኅብስቱና ጽዋው፣ እንዲሁም ለሙት ልጆች፣ ለመበለቶችና ለሌሎች ችግረኞች የሚሰበሰብ መባ እንደነበረ ጽፏል። በእናንተ ዘንድ ሰዓት ባጠረ ቁጥር የሚቀነሰው ንባብና ጸሎት ከሆነ፣ የሚቆረጠው ከዋናው አካል ነው። ስለዚህ በወረቀት ላይ አስቀድመው ለንባቡ፣ ለጸሎቱና ለስብከቱ ደቂቃ መድቡላቸው፤ ዝማሬ፣ ማስታወቂያና ሰላምታ በቀረው ጊዜ ይደልደሉ። ሰው ወደ መድረክ የሚመጣበትንና ማይክሮፎን የሚለዋወጥበትን ጊዜም ቁጠሩት፤ ትንሽ ይመስላል እንጂ ተደምሮ የአንድ ዝማሬ ያህል ሊወስድ ይችላል። ከሁሉ ይበልጥ ሰዓት የሚበላው ግን በዝማሬና በዝማሬ መካከል መሪው የሚያደርገው ንግግር ነው። በዚያ ቦታ የሚናገሩትን አስቀድመው በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፉትና ከዚያ አይለፉ፤ ሰባኪ ተመድቧል። አንባቢውም ክፍሉ ከጥቂት ቀን በፊት ይሰጠው፣ ድምፁንም ከፍ አድርጎ ይለማመደው። የስም ዝርዝር በበዛበት ምንባብ ላይ መደነቃቀፍ የሚመጣው ካለመዘጋጀት ነው።

ሰባኪውን በተመለከተ ‹ስብከትዎን ላኩልኝ› ማለት ላያስደስት ይችላል። የሚቀጥለውን ወር ምንባቦች ብቻ ይጠይቋቸው፤ ምዕራፍና ቁጥር በቂ ነው። ያ ካልተሳካ ከስብከቱ በኋላ የሚዘመረውን ክፍት ትታችሁ ሁለት ዝማሬ ተለማመዱ፤ አንዱ የንስሐ ወይም የልመና፣ ሌላው የምስጋና ይሁን። ሰባኪው ሲጨርሱ የትኛው እንደሚስማማ አይጠፋችሁም። የልመናውን ዝማሬ በዋዛ አላነሣሁትም፤ በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ ሰቆቃ ብዙ ቦታ ይዞ ሳለ የእሑዱ ዝማሬ ሁሉ የደስታ ብቻ ከሆነ፣ በሐዘን ላይ ያለ ሰው አፉን የሚከፍትበት ቦታ አያገኝም።

ጥያቄ፦ አንዳንድ አገልጋዮች ‹መርሐ ግብር በጽሑፍ ማዘጋጀት መንፈስ ቅዱስን ማገድ ነው› ይላሉ። ምን ብዬ ልመልስላቸው?

መልስ፦ አንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 14ን አብራችሁ አንብቡ። ጳውሎስ እያንዳንዱ መዝሙር ወይም ትምህርት ይዞ እንደሚመጣ ይናገራል፤ በዚያው ምዕራፍ የሚናገሩት ነቢያት ሁለት ወይም ሦስት እንዲሆኑ፣ ለተቀመጠው ሲገለጥለት የፊተኛው ዝም እንዲል፣ ሁሉም በሥርዓት እንዲሆን ያዛል። ሥፍራውንም ገደቡንም የሰጠው አንድ ሰው ነው። ደግሞም ሳይዘጋጅ የሚመራ ሰው እንደሚባለው ነጻ አይደለም፤ አድምጣችሁት ከሆነ በየሳምንቱ የሚመለስባቸው ጸሎቶችና ሐረጎች ያው ናቸው። እንዲህ ሲሆን በመንፈስ የተመራውንና በልማድ የመጣውን መለየት ያዳግታል።

በወረቀቱ ላይ ክፍት ጊዜ አስቀምጡ፤ ለምሳሌ ከስብከቱ በኋላ ዐሥር ደቂቃ ለጸሎት ይሁን። ከዚያ ባሻገር መርሐ ግብሩን መለወጥ ቢያስፈልግ የሚወስነው ማን እንደሆነ፣ ለሙዚቀኞቹና ለድምፅ ባለሙያው ምልክት የሚሰጠውም ማን እንደሆነ እሑድ ጠዋት ጉባኤው ከመጀመሩ በፊት ተስማሙ። ይህን ሳይስማሙ የሚጀምሩ ቡድኖች መሪው ለጸሎት እጁን ሲያነሣ ኪቦርዱ ቀጣዩን ዝማሬ ይጀምራል።