መልስ፦ ለ60 ሊትር የኮራል ገንዳ ምን ይቅደም?

ሰላም ወዳጄ። ለ60 ሊትር የኮራል አኳሪየም ፕሮቲን ስኪመር (ቆሻሻን በአረፋ ከውሃው የሚያወጣ መሣሪያ) ላስቀድም ወይስ ውድ መብራት ብለህ ጠይቀሃል። እኔ ብሆን ሁለቱንም አላስቀድምም። መጀመሪያ ውሃው።

የቧንቧ ውሃ ናይትሬት፣ ፎስፌት፣ አንዳንዴም መዳብ ሊኖረው ይችላል። መዳብ ደግሞ ለሽሪምፕና ለቀንድ አውጣ መርዝ ነው። ስለዚህ በሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃን በግፊት በጣም ስስ በሆነ ማጣሪያ በማሳለፍ) የተጣራ ውሃ ተጠቀም። ጨዋማነቱን በሪፍራክቶሜትር (በጨው መለኪያ መሣሪያ) ለካ፤ በአንድ ኪሎ ውሃ 35 ግራም ገደማ ጨው ይሁን። ትንሽ ገንዳ አንድ ክፉ ጠባይ አለው፦ ውሃው ይተናል፣ ጨው ግን እዚያው ይቀራል። ሁለት ሦስት ቀን ከተዘናጋህ ጨዋማነቱ ይጨምራል። የጎደለውን በተጣራ ውሃ እንጂ በጨው ውሃ አትሙላ። የጎደለውን ራሱ የሚሞላ መሣሪያ ከገዛህ ደግሞ ግልግል ነው።

ማሞቂያው 25 ወይም 26 ዲግሪ ላይ ይሁን። አብሮት የሚመጣውን ቴርሞስታት (ሙቀቱ ሲበቃ ማሞቂያውን የሚያጠፋውን) ብቻ ግን አትመን። የእኔው አንድ ሌሊት አልጠፋም ብሎ ኮራሎቼን ሲቀቅል አደረ! ለብቻው መቆጣጠሪያ ግዛለት።

ለውሃ ፍሰት አንድ ትንሽ ፓምፕ ይበቃል። ስኪመሩ ለጊዜው ይቅርብህ፤ በየሳምንቱ 10 በመቶ ውሃ ቀይር። መብራቱስ? ለለስላሳ ኮራል መካከለኛ ኤልኢዲ በቂ ነው። ጠንካራዎቹ ካማሩህ ያኔ ኪስህን ዳብስ።