«ትምህርቴን ትቼ ባርማን ልሁን?» ብሎ ከቶኪዮ ለጠየቀኝ ልጅ

ወንድሜ፣ ደብዳቤህ ረጅም ነው፤ ለአንባቢ ላሳጥረው። ቶኪዮ ውስጥ የቋንቋ ትምህርት ቤት ከገባህ ዓመት ሊሞላህ ነው። ሐሳብህ ከዚያ ኮምፒውተር መማር ነበር። ባለፈው ጾም የክፍል ጓደኛህ ሰፈራችሁ ወዳለች፣ ስምንት ወንበር ብቻ ወዳላት ኮክቴል ባር ይዞህ ገባ። ትኩስ ፎጣ ቀረበልህ። «ጾም ላይ ነኝ፣ አልጠጣም» አልክ። ባለቤቱ፣ ሁሉም «ማስተር» የሚላቸው አዛውንት፣ ቅር ሳይላቸው ዝንጅብልና ዩዙ የሚሉትን ሎሚ መሰል ፍሬ በሶዳ ቀላቅለው ሌሎቹ በሚጠጡበት ብርጭቆ ሰጡህ። አጠገብህ ካሉት ሴትዮ ጋርም አስተዋወቁህ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስትመለስ በስምህ ጠሩህ። አሁን ትምህርቱን ትተህ ባርማን መሆን አምሮሃል። «እናቴ ግን መሸታ ቤት ገባ ብላ ታለቅሳለች» ትላለህ።

ያቺን ብርጭቆ ወደድኳት። በጠርሙስ ለስላሳ ቢያቀርቡልህ ኖሮ አለመጠጣትህን ቤቱ ሁሉ ያውቅ ነበር። ሙያቸው እዚያች ላይ ነው ያለው፤ የኮክቴሉ መናጥ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

አሁን ግን የመኖሪያ ካርድህን አውጣና ጀርባውን እይ። የሥራ ፈቃድ ካስመታህ እዚያው ላይ ተጽፏል፤ በሳምንት እስከ 28 ሰዓት። ትምህርት ቤት ረጅም ዕረፍት ሲሆን በቀን እስከ 8 ሰዓት። ብዙ ልጅ የምትበላው ቀጥላ ያለችው ሐረግ ናት። በሕግ የማታ መዝናኛ ተብለው የተመደቡ ቤቶች ለተማሪ ክልክል ናቸው። አስተናጋጅ ከደንበኛ ጋር ተቀምጦ የሚያጫውትበት ቤት እዚህ ውስጥ ነው። ሳህን ለማጠብ እንኳ መቀጠር አይቻልም። መብራት ሳይቀር ይለካል፤ 10 ሉክስና ከዚያ በታች የሆነ መጠጥ ቤት በዚሁ መደብ ይገባል። ያንተዋ ባር እንደዚያ አትመስለኝም። የኔ መምሰል ግን ቪዛህን አያድንም። በምን ፈቃድ እንደሚሠሩ ማስተሩን ጠይቃቸው፣ ትምህርት ቤትህንም አማክር። ካትሱሺካ ወረዳ፣ ዮትሱጊ አካባቢ ያሉትን ያገርህን ልጆችም አነጋግር። በወረቀት ጉዳይ ያላዩት የለም።

ትምህርቱን ማቋረጥ የሚባለውን ደግሞ እርሳው። ያለ በቂ ምክንያት ሦስት ወር ካልተማርክ የተማሪ ቪዛህ ሊሰረዝ ይችላል።

ሌላው ገንዘቡ ነው። እስቲ አብረን እናስላ። ስምንቱ ወንበር በአንድ ማታ ሁለት ጊዜ ሞላ እንበል። እያንዳንዱ ሰው ሁለት መጠጥ ጠጣ፣ አንዱን በ1,000 የን ያዘው። 32,000 የን ነው። ኪራይ፣ መጠጥ፣ በረዶ፣ መብራት ከዚህ ይወጣል። ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ሦስት ሰው ነው የሚመጣው። ማስተሩ ብቻቸውን የቆሙት ወደው ብቻ እንዳይመስልህ። አዲስ አበባ ብትሆን ጉርሻ ይደጉማል፤ ጃፓን ግን ጉርሻ የሚባል ልማድ የለም። ሲገባ የሚቀርበው ትንሽ ምግብ፣ ኦቶሺ የሚሉት፣ ሒሳብ ላይ ይገባል፤ እሱም የቤቱ ነው።

እኔም አንድ ጊዜ ለሥራ ኪዮቶ ሄጄ እንዲህ ያለች ባር ገብቼ ነበር። ዓይኔ ያረፈው ጥግ ላይ በቆመ ወጣት ነው። ከግግር በረዶ በቢላዋ እየጠረበ ኳስ ያወጣል። ክብ በረዶ ቶሎ አይሟሟም፣ መጠጡን አያቀጥነውም። ሊጨርስ ሲል ተሰነጠቀበት። ምንም ሳይል ጣለውና ሌላ አነሳ። ስጠይቀው ሁለተኛ ዓመቱ ነው፤ ለደንበኛ ኮክቴል መሥራት ገና አልተፈቀደለትም። እንግዲህ ልጁ ጃፓናዊ ነው፤ ቋንቋው የአፍ መፍቻው ነው። አንተ በአክብሮት ቋንቋቸው ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎችን ለማጫወት ምን ያህል ይቀርሃል?

ስለዚህ እኔ ብሆን በሆቴል ምግብ ቤት ነው የምጀምረው። የኮክቴል ሙያ ጃፓን ውስጥ ሥር የሰደደው በወደብ ከተማ ሆቴሎች በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ የዮኮሃማውን ግራንድ ሆቴል ያስተዳደረውና ባምቡ የሚባለውን ኮክቴል ያስተዋወቀው ሉዊስ ኤፒንገር የውጭ ሰው ነበር። ሆቴል ካልተገኘ ኪሳተን፣ ማለትም ቡና እየተፈላ የሚሸጥበት የድሮው ዓይነት ቤታቸው፣ አለ። የኛ ቡና እዚያ «ሞካ» እየተባለ ይሸጣል። ስለ ሲዳማና ስለ ሐረር ስትጠየቅ የምትናገረው አታጣም። ቤት ውስጥ ስኒ አጥበህ ታውቃለህ ግን? እህትህ ናት የምታፈላው ብለሃል፤ እዚያ ይህ ምክንያት አይሆንም።

ኮምፒውተሩን እየተማርክ ሁለት ዓመት እንዲህ ሥራ። ፍቅሩ ካልለቀቀህ በምግብ ቤት ዘርፍ የተለየ ክህሎት ላላቸው የውጭ ዜጎች እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተ የቪዛ ዓይነት አለ። የሙያና የቋንቋ ፈተና አለው። በዚያን ጊዜ ክፍት መሆኑንና ምን እንደሚጠይቅ ኢሚግሬሽን ሄደህ አጣራ።

እስከዚያው ባሩን አትራቅ። ደንበኛ ሳይበዛ በጊዜ ግባ፣ በረዶ ሲጠርቡ እይ፣ አንድ ብቻ ጠጥተህ ውጣ። ለእናትህ አሁን «ባር» የምትለዋን ቃል አታንሳባቸው። «ሆቴል ሥራ እየፈለግኩ ነው» በላቸው። ውሸት አይደለም። ስለዚያች የዝንጅብል ብርጭቆ ግን ንገራቸው፤ ጾምህን ያከበሩልህ ሽማግሌ እንዳሉ ሲሰሙ የሚሉትን ጻፍልኝ።